የትርንጎ ትከሻ

ከዝግባ ሜዳ ወደ ዓርብ ገበያ በሚወስደው ዳገት መካከል፣ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ እጥፍ ከሚልበት ቦታ ላይ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ ጥቂት ከፍ የሚል የድንጋይ ካብ አለ። የአገሩ ሰው «የትርንጎ ትከሻ» ይለዋል። ላዩ ላይ የተነጠፈው ሰፊ ድንጋይ በስንት ዘመን ሸክም ተፍቆ ተፍቆ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። እህል የተሸከመውም፣ እንጨት የተሸከመችውም፣ ጀርባቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው ሸክማቸውን ያሳርፉበታል፤ ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው ገመዱን ከደረታቸው ሳይፈቱ ቀና ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። መንበርከክ የለ፣ አሸካሚ መለመን የለ።

ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ግን ከድንጋዩ ይልቅ የሚገርመው የመንገደኞቹ ጠባይ ነው። በቡድን ሆነው ሲጓዙ ከዚያ ካብ አጠገብ አርፈው የተነሱ ሰዎች፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጮክ ብሎ «ማን ቀረ?» ሳይል እግራቸውን አያነሱም። ሁሉም ተጭኖ ከሆነ ዝም ይባላል፤ ዝም ከተባለ ይኬዳል። አንዳች ሸክም የሌለው፣ ከዘራውን ብቻ ይዞ ለቅሶ ሊደርስ የሚወርድ ሽማግሌ እንኳ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ማን ቀረ?» ብሎ ያልፋል። ማንን ነው የሚጠይቁት? ብትሉት ይስቅባችኋል፤ ከሳቀባችሁ በኋላ ደግሞ፣ ጊዜ ካለው፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አድርጎ ያወጋችኋል።

እንደሚነገረው፣ ይህ ካብ ሳይኖር በፊት ዳገቱ «አሸክሙኝ» ነበር የሚባለው፤ ስሙን ያወጣለትም ከጉም ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው ይባላል። ያንን አገር ከቀትር በኋላ ጉም ይወርሰዋል፤ ከቆላው ሽቅብ ይነሳና፣ ከፊት የሚሄደው ሰው ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ፣ ዳገቱን ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል። በዚያ ሰዓት እጥፋቱ ላይ የደረሰ መንገደኛ፣ ትልቅ ጋን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ገመዷን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከመንገዱ ዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ያያል። ሴትየዋ አትጮህም፣ አትራገምም፣ ሰው አታባርርም። በደከመ ግን በጨዋ ድምፅ «እባካችሁ፣ አሸክሙኝ» ብቻ ትላለች፤ እንደማንኛዋም የገበያ ሴት። ችግሩ፣ ሴትየዋ ከሞተች ብዙ ዓመት እንዳለፋት አገሩ ሁሉ ማወቁ ነበር።

የዝግባ ሜዳ ሰው እሷን ለማባረር ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ ቄሱ ጸበል ይዘው ወረዱና ከሩቅ ረጯት። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ሙቀቱ አቃጥሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ አሸክሙኝ» አለቻቸው ይባላል፤ ቄሱም ከዚያ ወዲያ ወገባቸውን እያመካኙ በዚያ በኩል ዝር አላሉም። ቀጥሎ ጓንጉል የሚባል፣ ስለ ጀግንነቱ ከራሱ በቀር ምስክር የሌለው ጎልማሳ፣ ጦሩን እየነቀነቀ ሄደ፤ ሲመለስ ጦሩም ጋቢውም አልነበሩም። ጋቢዬን የወሰደብኝ እሾህ ነው እንዳለ ሞተ። በመጨረሻ አንድ ደብተራ ጥቁር ዶሮ ከእጥፋቱ ላይ አስረው ተመለሱ፤ ዶሮዋ ግን በማግስቱ ገመዷን ፈትታ፣ ጥሬ የተበተነላት ይመስል ማንቁርቷ ሞልቶ፣ በራሷ እግር ቤቷ ገባች። ነገሩን ረጋ ብሎ ላሰበው ያስቃል፤ ሁሉም ሊያስለቅቃት ሞከረ እንጂ የለመነችውን ያደረገላት አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መንገዱ ተተወ፤ ሣር በቀለበት። ገበያ የሚወርድ ሰው ወንዙን ዞሮ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተ፣ ጎህ ሲቀድ የተነሳ ጀምበር ስትጠልቅ ይደርስ ጀመር። በቆላው ጫፍ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎችም ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ደጋው መውጣታቸውን ተዉት። የዝግባ ሜዳ ድስትና እንስራ አንድ በአንድ ተሰበረ፤ ጋኖቹም በሰም እየተደፈኑ፣ በጨርቅ እየታሰሩ፣ እንደ አረጁ ዘመዶች በጥንቃቄ ይያዙ ጀመር።

ያቺ ሴት ትርንጎ ትባል ነበር። ከቆላው ሸክላ ሠሪዎች ወገን ናት፤ ጉልበተኛና ሳቂታ ነበረች ይላሉ። የዚያን ዘመን የደጋ ሰው የሸክላ ሠሪዎቹን ጋን ይወዳል፣ ሠሪዎቹን ግን ይፈራል። ዓይናቸው ይበላል ይላል፤ ድስቱን ይገዛና የሠራውን እጅ አይጨብጥም። እንደሚነገረው፣ አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ለሰርግ የታዘዘ ትልቅ ጋን ተሸክማ፣ ከገበያ ከሚመለሱ የዝግባ ሜዳ ሴቶች ኋላ ኋላ እያለች ዳገቱን ወጣች። እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ሸክሙን አውርዶ አረፈ።

ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ማረፍ ቀላል ነው፤ መከራው መነሳት ላይ ነው። አንዷ አንዷን ታሸክማለች፤ የተሸከመችው ግን ጎንበስ ብላ ሌላዋን ልታነሳ አትችልም። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉንም ከኋላ እየገፋች አነሳቻቸው፤ እነሱም ከኋላችን ናትና ዓይኗ አያየንም ብለው እሺ አሉ። በመጨረሻ ትርንጎና ደብሪቱ የምትባል አዲስ ሙሽራ ብቻ ቀሩ። ትርንጎ ሙሽራይቱን አሸከመቻትና፣ «እኔስ?» አለቻት እየሳቀች። ደብሪቱ ፊቷን ሳታዞር «ቆይ፣ ሰው እልክልሻለሁ» ብላ ዳገቱን ተያያዘችው።

ደብሪቱ አልዋሸችም። ከፊቷ ለነበረችው ሴት «ሸክላ ሠሪዋ ቀርታለች» ብላ ነገረቻት፤ ያቺም ከፊቷ ላለችው ነገረች፤ ወሬው እንዲህ እያለ እስከ መጀመሪያዋ ሴት ደረሰ። የፊተኛዋ፣ ከኋላ ያሉት መልሰው ያነሷታል አለች፤ የኋለኞቹ፣ ፊተኛዋ ቀድማ ስለምትገባ ሰው ትልካለች አሉ። ሁሉም ተናገረ፣ ሁሉም እህሉን ቤቱ አስገባ፣ ሁሉም እራቱን በላ። የዚያን ዕለት ማታ ውርጭ ወረደ። በማግስቱ ሰው ሲሄድ ትርንጎም ጋኗም አልነበሩም፤ አንዱ አውሬ ነው አለ፣ ሌላው ገደል ነው አለ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ድምፁ ከጉሙ ውስጥ ተሰማ።

ደብሪቱ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በዚያ መንገድ አልሄደችም። ወለደች፣ አሳደገች፣ ጸጉሯ ገብስማ ሆነ፤ ሆኖም ጉሙ ከቆላው ሲነሳ ባየች ቁጥር በሯን ዘግታ የቤት ሥራ ትፈልግ ነበር። ባሏ አላምረው ጉንፋን የምትፈራ ይመስለው ነበር ይባላል።

ጊዜው ደረሰና የደብሪቱ ልጅ እማዋይሽ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው የተከበረ ቤት ልጅ ነበር፤ ወገኖቹም ጨዋታ አዋቂና ጠላ ወዳጅ ስለ መሆናቸው ሰባት ደብር የመሰከረላቸው ነበሩ። ለሠርጉ ሁለት ጋን ጠላ ያስፈልጋል፤ ደብሪቱም ከእናቷ የወረሰቻቸው፣ ያልተደፈኑ ያልታሰሩ ሁለት ጋኖች ነበሯት። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ጥንስሱ በየእንስራው መፍላት ጀምሮ ነበር። ይሄኔ ነው እንግዲህ አላምረው፣ የልጁ መዳር ያሰከረው አባት፣ ለዳሱ ምሰሶ ይሆናል ያለውን ትልቅ ግንድ ብቻውን ተሸክሜ አሳያችኋለሁ ብሎ ከጓሮ የመጣው። ግንዱ አመለጠውና አንዱን ጋን መታው፤ የተመታው ጋን ተንከባሎ ጓደኛውን መታ። ሁለቱም እዚያው ፍርክስክስ አሉ።

ደብሪቱ አልጮኸችም። ስባሪውን ለቅማ ስትጨርስ ከደጃፏ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ወሩ የሠርግ ወር ነበር፤ የጎረቤት ጋን ሁሉ ወይ ተይዟል ወይ ያፈስሳል። ጥንስሱ አይጠብቅም፤ በጊዜው ተደፍድፎ ጋን ካልገባ ይኮመጥጣል። ወንዙን ዞሮ ጋን ማምጣት ደግሞ እንኳን ዘንድሮ፣ አላምረው ጎልማሳ ሳለም ተሞክሮ ሁለቴ ከድንጋይ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል። በዚያ አገር በሠርጓ ዕለት ጠላ ያነሰባት ሙሽራ ስሟ እስከ ልጅ ልጇ ይነሳል፤ አማት በተቆጣች ቁጥር ታስታውሳታለች። ደብሪቱ ይህን ለልጇ አታወርሳትም።

«በዳገቱ እወርዳለሁ» አለች።

«በአሸክሙኝ?» አለ አላምረው ደንግጦ። «እሷ ባለችበት?»

«እሷ ከጉሙ ጋር ነው የምትመጣው። በጠዋት ወርጄ ጉሙ ሳይነሳ እመለሳለሁ።»

«እኔ ራሴ እሄድ ነበር፤ ይህ ጉልበቴ ባይሆን…»

«ጉልበትህንማ ከግንዱ ጋር አየሁት» አለችና ገመዷን ከግድግዳው አወረደች።

መውረዱ ቀላል ሆነላት። ጀምበሯ ደምቃ ነበር፤ እጥፋቱ ጋ ስትደርስም ዓይኗን ጨፍና በሩጫ አለፈችው። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ስትገባ ግን ሰዎቹ ከደጋ የወረደ ሰው ካዩ ስለ ቆዩ ከበቧት፤ ጋን የምትሸጥ አንዲት አሮጊትም አስቀመጠቻትና ጋኖቿን ተራ በተራ በጣቷ አጥንት እያንኳኳች፣ ድምፃቸውን እያዳመጠች፣ ይሄ አይሆንሽም፣ ይሄም አይሆንሽም እያለች ጊዜውን ፈጀችባት። ደብሪቱ ሁለት ጋን ብትፈልግም ጀርባዋ አንድ ነው። ይዛ በወረደችው እህል ለውጣ አንዱን ተሸከመች።

«በየት በኩል ልትወጪ ነው?» አለቻት አሮጊቷ።

«በዳገቱ።»

አሮጊቷ ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀችላትና፣ «እንግዲያው እህቴን ሰላም በይልኝ» አለቻት። «ያን ቀን የያዘችው ጋን ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ነበር። ለሰርግ ነበር፤ ሳታደርሰው ቀረች።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ዳገቱን ስትጀምር ቀትር አልፎ ነበር፤ ጉሙም ከኋላዋ ተነስቶ ቀስ እያለ ይከተላት ጀመር። ሌላው ይቅር፣ እጥፋቱ ጋ አላርፍም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። እግሯ ሳያርፍ ወጣች። ልክ እጥፋቱ ላይ ስትደርስ ግን፣ በላብ የራሰው ገመድ ቋጠሮው ሸርተት አለ፤ ጋኑ ወደ ገደሉ ዘመመ። ወይ ጋኑን መልቀቅ ነው፣ ወይ ማውረድ። እንደ ሕፃን አቅፋ አወረደችው፤ ከመንገዱም ላይ አስቀመጠችው።

ጋኑ ተረፈ፤ እሷ ግን ተያዘች። ገመዱን መልሳ ቋጠረች፣ ተንበረከከች፣ ደረቷ ላይ አነገተችው፤ ለመነሳት ብትታገል ጉልበቷ ከመሬት አልላቀቅ አለ። ደግማ ሞከረች። ጉሙ መጀመሪያ ገደሉን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም የገዛ እግሯን ሸፈነባት። ማንም በማያልፍበት መንገድ ላይ ብቻዋን ነበረች። ትርንጎ ያን ቀን ምን እንደ ተሰማት የዚያን ጊዜ ገባት፤ የገባትም በሐሳብ ሳይሆን በጉልበቷና በወገቧ ነበር። አፏን በነጠላዋ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ልጇ ትዝ አለቻት፤ ጥንስሱም ትዝ አላት። ነጠላዋን ከአፏ አነሳችና፣ ለማን እንደምትናገር እያወቀች፣ ቀስ ብላ «አሸክሙኝ» አለች።

«መጣሁ፣ ሙሽራዬ» አለ ድምፁ ከኋላዋ።

ሁለት እጆች ከጋኑ ሥር ገቡ። ጋኑ ገለባ የሆነ ይመስል ቀለለ፤ ደብሪቱ ሳታስበው ቆማ ተገኘች። «በርቺ» አላት ድምፁ። መንገዱ ከፊቷ ነው፣ ጋኑ ከጀርባዋ ነው፣ እግሯም መሮጥ ይፈልጋል። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሌላም ደገመች።

«እኔስ?» አለች ትርንጎ፤ እንደ ያኔው በሳቅ።

«ቆይ፣ ሰው እል…» አለችና ደብሪቱ ቃሉን ሳትጨርስ አቋረጠች። ያው ቃል ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ በሯን ያስዘጋት ቃል፣ እንደ ልማድ ራሱ ሊወጣ ነበር። በራሷ አፈረች፤ እፍረቱም ከፍርሃቱ በለጠባት። ጋኑን እንደ ተሸከመች ዞራ ለመጀመሪያ ጊዜ የትርንጎን ፊት አየች። የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ጉንጯ ላይ ጭቃ የደረቀባት፣ ዓይኖቿ የሚስቁ፣ ከአሁኗ ደብሪቱ ይልቅ በዕድሜ የምታንስ ሴት ነበረች። ደብሪቱ ተንበረከከችና ጋኑን መልሳ አወረደችው።

«ምነው? አሁን አይደል እንዴ ያሸከምኩሽ?» አለች ትርንጎ።

«ትቼዎት አልሄድም፣ እትዬ ትርንጎ።»

ትርንጎ በስሟ የጠራት፣ ያውም እትዬ ያላት ደገኛ አግኝታ አታውቅምና ቀና ብላ አየቻት። «ሠርግ የለሽም?» አለቻት ኋላ።

«አለኝ።»

«ጠላውሳ?»

«ይኮምጥጥ።»

«እንዲያ ከሆነ አሁን ሁለት ሆነን እዚህ ልንቀመጥ ነዋ! እኔስ ጓደኛ አገኘሁ» ብላ ሳቀች። ደብሪቱ ግን አልሳቀችም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዕንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ «ሰው እልካለሁ ብዬ አልላክሁም። ከፊቴ ላለችው ነገርኳት፤ እሷም ነገረች፤ እኔማ የሄደ ሰው ያለ መስሎኝ…» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ። «ሁላችሁም ተነጋግራችኋል። ድምፃችሁ እስከዚህ ይሰማኝ ነበር። እግር ነው ያልሰማሁት።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ጋኖች ከፊታቸው ተደርድረዋል። ነገሩን ቢያዞሩት ቢያገላብጡት ያው ነው፤ ትርንጎ ብትነሳ ደብሪቱ ትቀራለች፣ ደብሪቱ ብትነሳ ትርንጎ ትቀራለች። ሁለት ሸክም ባለበት መንገድ ላይ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይቀራል። ደብሪቱ ግን ባለሙያ ሴት ናት፤ አልቅሳ ስትጨርስ አሰበች። «ከምንጭ ውሃ ስቀዳ ማን ነው የሚያሸክመኝ?» አለች ለራሷ። ማንም። እንስራዋን ከምንጩ አጠገብ ካለው ካብ ላይ ታስቀምጥና፣ ጀርባዋን አስጠግታ፣ አንግታ ትሄዳለች። ታዲያ ለምንጩ የታሰበ ነገር፣ ይህን ያህል ሰው ለሚያልፍበት ዳገት እንዴት ሳይታሰብ ቀረ?

«እትዬ ትርንጎ፣ ካብ ይችሉበታል?»

«ምድጃ ለሚክብ ሰው ይህ ይጠየቃል?»

ከጉሙ ውስጥ ድንጋይ ማንከባለል ጀመሩ። ደብሪቱ ታመጣለች፣ ትርንጎ ታስተካክላለች፤ ትልቁን ከሥር፣ ጠጠሩን ከመሃል እየጎሰጎሰች፣ ይሄ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ሰነፍ ድንጋይ ነው፣ ቀይሪልኝ እያለች አሠራቻት። የላይኛውን ሰፊ ድንጋይ ለማንሳት ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። «አንቺ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ» አለች ትርንጎ። ሲያነሱት እጃቸው ተነካካ፤ የትርንጎ እጅ ከጉድጓድ እንደ ወጣ ጭቃ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ደብሪቱ ግን አልለቀቀችም። ድንጋዩ ከቦታው ሲገባ ትርንጎ በጣቷ አጥንት አንኳኳችው፤ አዳመጠችውና፣ «ደህና ነው፣ ይሰነብታል» አለች።

ጋኖቹን ተጋግዘው ከካቡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ደብሪቱ ትርንጎን አስቀደመች። ገመዱን ከጋኑ ዙሪያ አሳልፋ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ ዓይን ለዓይን እያየቻት ደረቷ ላይ አስተካክላ ቋጠረችላት። «እህትዎ ሰላም ብላዎታለች» አለቻት እየቋጠረች። የትርንጎ ዓይኖች ዕንባ ሞሉ። ከዚያ ቀና አለች፤ ስንት ዘመን መሬት ላይ የቆየው ጋን ከጀርባዋ ላይ ወጣ። ደብሪቱም በተራዋ የራሷን አነገተች፤ ጀርባዋን አስጠግታ ቀና ስትል ያለማንም እርዳታ ቆመች።

ከመሄዳቸው በፊት ደብሪቱ ወደ ኋላዋ ዞረችና ወደ ጉሙ ጮክ ብላ «ማን ቀረ?» አለች።

«ማንም!» ብላ ሳቀች ትርንጎ፤ ሳቋ ከገደሉ ማዶ ተመልሶ መጣ ይባላል።

ትርንጎ ከፊት፣ ደብሪቱ ከኋላ ሆነው ወጡ። ስለ ሠርጉ አወሩ፤ ትርንጎ የሙሽራውን ወገን ጠየቀች፣ ጠላ ወዳጅነታቸውን ስትሰማ የራሷ ወገን ይመስል ደስ አላት። እየወጡ ሲሄዱ ጉሙ ሳሳ፤ ጉሙ ሲሳሳ የትርንጎም ጀርባ አብሮ ሳሳ፤ ቆይቶ የገመዷ ሲጥ ሲጥ ማለት ብቻ ቀረ፤ ኋላም እሱ አልተሰማም። ደብሪቱ አልፈራችም፤ ብቻ ወሬያቸው ሳያልቅ ስለ ሄደች ቅር አላት።

ከዳገቱ አናት ላይ አላምረው ዱላውን ይዞ ቆሞ አገኘችው። ፍርሃቱን ሊደብቅ ቢሞክርም ዓይኑን ከጉሙ ላይ አልነቀለም፤ ያም ሆኖ እስከዚያ መምጣቱ ለአላምረው ትልቅ ነገር ነውና ደብሪቱ በልቧ አመሰገነችው። ቤት ገብተው ጋኑን ለማውረድ ወደ ዳሱ ሲዞሩ፣ ከግድግዳው ሥር ሌላ ጋን ተቀምጦ አዩ። ቀይ፣ ወገቡ የሞላ፣ እንደሱ ያለ በዚያ አገር ያልታየ ጋን ነበር። ገመዱ ላዩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጉም የነካው ሁሉ እንደሚርስ ርሷል።

«ሁለት ጋን እንዴት ተሸከምሽ?» አለ አላምረው አፉን ከፍቶ።

«አንዱን እኔ አመጣሁት» አለች ደብሪቱ። «አንዱን ባለቤቷ አደረሰችው።»

ጠላው በጊዜው ተደፈደፈ፤ ሠርጉም አማረ። ደብሪቱ ሰው ልካ የትርንጎን እህት ከነቤተ ዘመዷ አስጠራች፤ በዝግባ ሜዳ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ሠሪዎች ከባለ ርስቶቹ ጋር በአንድ ዳስ፣ በአንድ መደብ ተቀመጡ። ማጉረምረም የጀመሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከቀዩ ጋን የተቀዳው ጠላ ሲዞር ግን ማጉረምረማቸውን ረሱ። አሮጊቷ ጋኑን በጣቷ አንኳኳችና፣ ድምፁን አውቃው፣ ብዙ ጊዜ ከጎኑ አልተነሳችም። ያ ጋን የቱን ያህል ቢቀዳ አልጎደለም የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚሉት ግን የዚያን ዕለት እየደጋገሙ የቀዱት የሙሽራው አጎቶች ስለሆኑ፣ ምስክርነታቸውን ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ነው የሚያልፉት።

ለቀጣዩ ገበያ የዝግባ ሜዳ ሴቶች በዳገቱ ወረዱ። ያን ቀን ከትርንጎ ጋር የነበሩትና በሕይወት ያሉት አንዳንድ ድንጋይ ይዘው መጥተው ከካቡ ላይ ጨመሩ፤ ስለዚህ ነው ግራ ጎኑ ከቀኝ ጎኑ ትንሽ የሚሰፋው ይባላል። መንገዱ ሣሩ ተረግጦ ጠፋ፣ ሸክላ ሠሪዎቹም ወደ ደጋው መውጣት ጀመሩ። ቄሱ እንኳ ወገባቸው ተሽሏቸው በዚያ በኩል ታዩ።

ዛሬ ያ መንገድ ሰፍቶ መኪና ያልፍበታል። መንገድ ጠራጊው መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ለምነው፣ መንገዱ ካቡን ሳይነካ ዳገቱን ቆርጦ አለፈ። ከገበያ ሰው ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ረዳቱም፣ ሁሉም ተሳፋሪ ቁጭ ብሎ እያየ፣ አንገቱን አውጥቶ ወደ ጉሙ «ማን ቀረ?» ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል፤ ግን ከሳቁ በኋላ ለአፍታ ጆሮውን ይሰጣል። መልስ የለም፤ ጉሙ ዝም ብሎ ይወጣል፤ መኪናውም ይቀጥላል።

ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ አገሩ በአንድ ነገር ይምላል። ከደብሪቱ ወዲህም በዚያ ዳገት ላይ «አሸክሙኝ» የሚል ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም፤ ደካማ ሰው መቼም አይታጣም። ቃሉን ሁለት ጊዜ መድገም ያስፈለገው ሰው ግን አልተሰማም።